ከአዲስ አበባ እስከ ሮብ ገበያ፦ ስፖርት መኪና ዓባይን ሲሻገር

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ የተሳፈሩት በአልፋ ሮሜዮ መኪና ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋን የያዘው የጣልያን ጦር ነው፤ መኪናውም የጣልያን፣ ያውም የሚላን ፋብሪካ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን አልፋ ሮሜዮ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እሽቅድምድም ነበር። ኋላ በራሱ ስም ፋብሪካ ያቋቋመው ኤንዞ ፌራሪም የዚሁ ኩባንያ የውድድር ቡድን መሪ ሆኖ ሠርቷል።

ንጉሠ ነገሥቱ የመጡት በጎጃም በኩል ነው። ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ከሱዳን ድንበር ተሻገሩ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከዚያም የዓባይን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው በፍቼ መስመር እንጦጦ ደረሱ።

ዛሬ ጉዞው ተገልብጧል። መኪና የሚገዛው አዲስ አበባ ነው፤ የሚነዳው ወደ ጎጃም ነው። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ፍቼንና ገርበ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል፤ ዓባይን ተሻግሮ በደጀንና በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ ይገባል። ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቱ የሮብ ገበያ ሰው ከሆነ ግን ደብረ ማርቆስ መጨረሻው አይደለም። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ስናን ወረዳ ዋና ከተማ ገና ዳገት መውጣት አለበት።

መኪናው ቪትዝ ወይም ሂሉክስ ቢሆን ጉዞው ወሬ አይሆንም ነበር። ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል፣ ሞተሩ ጉልበተኛ፣ ጎማው ሰፊ ስፖርት መኪና ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሻሻጩ የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። መንገዱ ደግሞ አሻሻጩ ያላነሣቸውን ነገሮች ሁሉ በየተራ ይጠይቃል።

መንገድ ሳይኖር መኪና ሲመጣ

ከሩቅ የተገዛ መኪናን እየነዱ አገር ቤት ማስገባት ኢትዮጵያ ውስጥ ከመኪናው ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። በ1899 ዓ.ም. ክረምት የኢጣልያው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ኢታላ በተባለች መኪና ከፔኪንግ ተነሥቶ ፓሪስ ሲገባ የአውሮፓ ጋዜጦች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በዚያው ሰሞን ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን በመርከብ ጂቡቲ አራግፎ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ይነዳ ነበር። የጂቡቲው ባቡር ገና ከድሬዳዋ አላለፈም፤ የመኪና መንገድ የሚባልም የለም። ቤንትሌይ በረሃውንና ገደሉን አልፎ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መኪናዋ ላይ ተቀምጠው ሞከሯት። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ናከ የተባለች የአገሩን መኪና ይዞ ደረሰ። ባቡሩ ራሱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ለኢትዮጵያ ዋና ከተማ መኪና ከባቡር ቀድሟል ማለት ነው።

በጎጃም የመኪና ነገር ሲነሣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አይዘለሉም። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን ከዞሩት መሳፍንት አንዱ ነበሩ፤ ዘመን አመጣሽ ዕቃም ይወዳሉ። ነገር ግን መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያለው ሰውም ቢሆን ዓባይን በገንዘብ አያሻግረውም። ከሸዋ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያዘልቅ የመኪና መንገድ የተዘረጋው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው።

አሁን በሸለቆው ውስጥ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አሮጌው ለአሥርት ዓመታት የጎጃምን ጭነት ሁሉ ተሸክሟል። አዲሱ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን ወር ተመረቀ፤ በገመድ የተደገፈ ሲሆን ርዝመቱ 303 ሜትር ነው።

ሩቅ አገር አሁን አዲስ አበባ ነው

ቀድሞ ስፖርት መኪና የሚሻ ኢትዮጵያዊ ዓይኑን የሚጥለው ዱባይ ላይ ነበር። መኪናው በመርከብ ጂቡቲ ይደርሳል፤ በጋላፊ በኩል ይገባል፤ ጉምሩክ ላይ ደግሞ ዋጋው ይለወጣል። ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ የቤት መኪና ላይ ይጣል የነበረውን ግብር ማስላት ቀላል ነው። መኪናው ጂቡቲ ድረስ መጓጓዣውንና መድኑን ጨምሮ 100 ብር ወጣበት እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ነበር፤ 135 ሆነ። በዚህ ላይ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ሲደመር 270 ይገባል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲታከል 310 ብር ከ50፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ ሲጨመር 341 ብር ከ55 ሳንቲም ይሆናል። በመጨረሻ ከመነሻው ዋጋ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይያዛል። የ100 ብሩ መኪና 344 ብር ከ55 ሳንቲም ወጣበት፤ ግብሩ ብቻውን 244.55 በመቶ ነው። ግብር በግብር ላይ ስለሚሰላ ነው ቁጥሩ እንዲህ የሚያብጠው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና የሚያስመጣውን ጭራሽ አጠበቀው፤ ለአሮጌ መኪና ኤክሳይዙ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ።

ስለዚህ ዛሬ ባለ ቤንዚን ስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፤ አገር ውስጥ ቀድሞ የገባውን ከአዲስ አበባ ሻጭ መግዛት። ይህ ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ፣ የቀድሞ ባለቤቶቹን ጠባይና የሰነዶቹን ታሪክ አብሮ መግዛት ነው።

ሊብሬው ከኮፈኑ በፊት

የመኪና ገበያ ያስተማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሊብሬውን ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የቻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዳግም የተመታ ከመሰለ ድርድሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ቀጥሎ እግድ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። በባንክ ብድር የተያዘ መኪና ብድሩ ሳያልቅ ስሙ አይዞርም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪናም ቀረጡ ካልተከፈለ በቀር ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ መኪና ሲገኝ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

አንዳንዱ ሻጭ ስም ከማዞር ይልቅ ውክልና ልስጥህ ይላል። ወጪ ይቀንሳል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ግን ውክልና ባለቤት አያደርግም። ወካዩ ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ ገዢው የሚሟገተው ከወራሾች ጋር ነው፤ ውክልናም ይሻራል። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት የተፈረመ የሽያጭ ውልና የተጠናቀቀ የስም ዝውውር ካልተያዘ ገንዘቡን ጨርሶ መክፈል አይመከርም። መኪናው ጎጃም የሚኖር ከሆነ ፋይሉን ወደ አማራ ክልል የማዛወር ጉዳይም አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንና የዓመቱ ቦሎ ደግሞ መንገድ ላይ የሚቆም ትራፊክ ሁሉ የሚጠይቃቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ብረቱ። ሞተሩ አድሮ ሲነሣ ማየት ይጠቅማል፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ጠዋት የሚያሳየውን ጭስና የሚያሰማውን ድምፅ ይደብቃል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ይናገራል። ነጭ ሆኖ የማይቋረጥ ጭስ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። በስፖርት መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ልዩ ምርመራ ይፈልጋል፤ የቀድሞው ባለቤት ለጉልበቱ ሲል የገዛው መኪና በቀስታ ተነድቷል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ጋራዥ ወስዶ ከፍ አድርጎ ከሥሩ ማየት ግድ ይላል። የተጣመመ፣ የተበየደ ወይም በድንጋይ የተፈገፈገ አካል ካለ የሚታየው ከሥር ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ደግሞ ሥራው በምን ጥራት እንደተሠራ የሚያውቅ መካኒክ ያስፈልጋል።

ቁልቁለቱ

ጎሐ ጽዮን ሲደረስ ሜዳው ያልቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ የከፍታው ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ዝቅ ሲባል የኖራ ድንጋይ፣ ከሥር አሸዋማው ድንጋይ ተደርድሮ ይታያል። የደጋ ልብስ ለብሶ የመጣ ተሳፋሪ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ኮቱን ያወልቃል።

በዚህ ቁልቁለት የመኪናው ጉልበት ምንም አይረባም፤ የሚሠራው ፍሬኑ ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 60 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው ቁልቁለቱን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከወረደ የዚያ ሙቀት አብዛኛው የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ሸራው ይግላል፤ መያዝ ያቆማል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ከተላለፈ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ230 ዲግሪ ነው። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ግን በ155 ዲግሪም ሊፈላ ይችላል። ለዚህ ነው ባለቤቱ መቼ እንደተቀየረ የማያውቀው የፍሬን ዘይት ከጉዞው በፊት መቀየር ያለበት።

የዚህ መስመር የከባድ መኪና ሾፌሮች መላውን ያውቁታል፤ በከባድ ማርሽ መውረድ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑ የሚነካው በየኩርባው አጠር አጠር እየተደረገ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድ ግን ገደል መጥራት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም ቢሆን ማርሽ በእጅ ማስያዣ አለው፤ አዲሱ ባለቤት አጠቃቀሙን አዲስ አበባ ላይ ቢለማመድ ይሻለዋል።

ይህ ችግር ከመኪና ጋር የተወለደ ነው። በነሐሴ 1880 ዓ.ም. በርታ ቤንዝ ባሏ ካርል የሠራውን መኪና ሳታስፈቅድ ወስዳ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። በዓለም የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ የሚባለው ይህ ነው። ቁልቁለት ላይ የእንጨት ፍሬኑ ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስለበጠችው። የፍሬን ሸራ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስፖርት መኪና በፍሬን በኩል አይታማም፤ ዲስኮቹ ሰፋፊና አየር የሚያስገቡ ናቸው። የሚጎዳው ጎማው ነው። ግድግዳው አጭር የሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ምቱን አያበርድም፤ ቸርኬውን ያጣምማል። የዓባይ ሸለቆ መሬት ደግሞ ይንሸራተታል። የጃፓን ባለሙያዎች መንገዱ ከታደሰ በኋላም የመሬት መንሸራተቱን ለመግታት ጥናት ሠርተዋል። ትናንት ለስላሳ የነበረ አስፋልት ከክረምቱ በኋላ ሰምጦ ወይም ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። ከፊት ደግሞ ጭነት የከበደበት፣ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክ በእርምጃ ይወጣል። ኩርባ ላይ እሱን ለመቅደም የሚያባብል ሞተር ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ቀጭኑ አየር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እንዲሁ፤ ወረቀቱ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 150 ይወርዳል። ጮቄ ጫፍ 4,000 ሜትር ድረስ ቢወጣ ኖሮ 125 አካባቢ ይቀርለት ነበር። ባለ ቱርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ኪሳራው ያንሳል። ገዢው ለፈረስ ጉልበት የከፈለውን ገንዘብ ደጋው ሩቡን ይወስድበታል።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው ዳገት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ፍጥነቱ ግን ትንሽ ነው፤ የቆላው አየር ይፋጃል። የደከመ ራዲያተር የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። የሙቀት መለኪያው ቀይ መስመር ከነካ መኪናውን ጥግ አስይዞ ማቀዝቀዝ እንጂ ክዳኑን ወዲያው መክፈት አይገባም፤ የሚወጣው የፈላ ውኃ ፊት ያቃጥላል።

ባለ ባትሪው

ቤንዚኑ በር ሲዘጋበት ኤሌክትሪኩ ገባ። መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለመጣው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተወው። ከቻይና የሚመጡት አንዳንዶቹ ከቆመበት ተነሥቶ በመፈትለክ የቀድሞዎቹን ስፖርት መኪኖች ያስንቃሉ። አየር ስለማያስፈልጋቸው ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንስም።

ዓባይ ለእነሱ ሌላ ሒሳብ አለው። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። ከቁልቁለቱ የሚገኘው ጉልበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ላይ ገሚሱ ወይም ከዚያ በለጥ ያለው ይመለሳል። ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ያንኑ ሁሉ ከነትርፉ ይከፍላል። በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ መኪና ደብረ ማርቆስ ለመድረስ 54 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከሸለቆው ኪሳራ ጋር 57 ያህል ይፈልጋል። ባትሪው 60 ከሆነ የተረፈው ልብ አይሞላም። 3 ኪሎዋት የሚሰጥ ተራ ሶኬት ላይ አሥር ሰዓት የተሰካ መኪና 30 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚያገኝ፣ መብራቱ አስተማማኝ በሆነ ቤት ፍቼ ላይ ማደር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

በዓባይ ድልድዮች ሥር የሚያልፈው ውኃ ቁልቁል ወርዶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል። የአዲስ አበባው መኪና የሚሞላው ኃይል ከፊሉ ከዚያው ወንዝ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወዲያ

ከመኪናው በላይ የሚያሳስብም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የጎጃም መስመር በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ከዓባይ ወዲህ ማዶም ቢሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ነበር። ዓይን የሚስብ መኪና ለብቻ በዚህ መንገድ ማውጣት ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጠዋት መነሣት፣ ከሌሎች ጋር መጓዝና የመንገዱን ወሬ በዚያው ዕለት ከሚመላለሱ ሾፌሮች መጠየቅ የግድ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከተደረሰ ዋናው አስፋልት ወደ ቡሬና ባሕር ዳር ይቀጥላል። ወደ ሮብ ገበያ የሚታጠፈው መኪና ግን የደጋ መንገድ ይጠብቀዋል። የተለመዱት ስፖርት መኪኖች ሆዳቸው ከመሬት የሚርቀው ከ11 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሂሉክስና ላንድክሩዘር ከ20 በላይ ናቸው። የጮቄ ዝናብ የቦረቦረው መንገድ፣ ከጭቃው የወጣ ድንጋይ፣ የከባድ መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ይህን ልዩነት ወዲያው ያሳያሉ። የዘይት ቋቱ አንዴ ከተመታና ዘይቱ ከፈሰሰ ሞተሩ ለደቂቃዎችም አይቆይም፤ ለእንደዚህ ዓይነት መኪና መለዋወጫ ደግሞ የሚፈለገው አዲስ አበባ ተመልሶ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ድረስ መንዳት ይቻላል፤ ሰነዱ ከጠራ፣ የፍሬን ዘይቱ ከተቀየረ፣ ራዲያተሩ ከተፈተሸ፣ ጉዞው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ በቀን ከተደረገና መንገዱ ሰላም ከሆነ። ሮብ ገበያ ድረስ ግን አያዋጣም። ኑሮው ስናን የሆነ ገዢ መኪናውን ደብረ ማርቆስ ዘመድ ግቢ አቁሞ ቀሪውን በሕዝብ ትራንስፖርት ቢወጣ ይሻለዋል፤ አለዚያም ያንኑ ገንዘብ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቱርቦ ያለውና መለዋወጫው ደብረ ማርቆስ ላይ የሚገኝ መኪና ላይ ያውለው።